ብቁ ባለታሪክ ሴት በልብ አንጠልጣይ የፍቅር ልብ ወለድ
(በእንጅባራ ከተማ ለቋንቋና ለሥነ ጽሑፍ መምህራን የቀረበ ንግግር)



ፍቅርንና አደጋን አንድ ላይ ገምዶ የሚተርክ ልብ ወለድ ተማሪ ሳይታዘዝ፣ ፈተናም ሳይጠብቀው፣ በገዛ ፈቃዱ የሚያነበው ዓይነት መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሽፋኑ ይገነጠላል፣ ገጹ ይሳሳል፤ አንባቢው ግን አይጠፋም። ስለዚህም በመምህራን ዘንድ እንደ ተራ ጨዋታ ሊናቅ አይገባውም። ይልቁንም አንድ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል። ይኸውም፣ አደጋው በደረሰ ጊዜ ባለታሪኳ ምን ታደርጋለች? አዳኟን ተቀምጣ ትጠብቃለች ወይስ አስባና ቈርጣ ትነሣለች? የሚል ነው።

የአማርኛ ልብ ወለድ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የጀመረው ገና በተወለደ ጊዜ ነው። በጣና ዳር በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙትና «ጦቢያ» በሚል ስም የሚታወቀው ልብ ወለድ፣ በአማርኛ የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ መንትያ ወንድሟ ዋሕድ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ሲወድቅ ጦቢያ እቤት ተቀምጣ አታለቅስም። የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ለፍለጋ አገር ታቋርጣለች። ወንድ መስላም የቤተ መንግሥት ወጣት እስክታፈቅራት ድረስ ማንነቷን ሰውራ ትዘልቃለች። የአንባቢው ልብ የሚንጠለጠለውም በዚህ ምስጢር ላይ ነው። ሆኖም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጦቢያ ብርቱ የሆነችው የወንድ ልብስ በለበሰችበት ዘመን ነው። ልብሷ ሲለወጥና ንጉሡ ሲያገባት ጀብዱዋም አብሮ ያበቃል።

ከዚህ በኋላ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አልፎ የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአንባቢ አቀረቡ። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። አባቷ ዘራቸውን የሚመጥን ባል ጠፋ እያሉ ስለ ትዳሯ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው፤ እርሷ የምትወደው ግን አስተማሪዋን በዛብህን ነው። ሰብለ በአባቷ ቤት ብዙ ታግሣ በመጨረሻ ቤቱን ጥላ በዛብህን ፍለጋ ትወጣለች። መውጣቷ በእውነት ትልቅ ድፍረት ነው፤ ነገር ግን የምትደርሰው ሞትን ለመቅደም በማይቻልበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የቀራት ምንኵስና ብቻ ነው። ደራሲው ድፍረቷን አልነፈጓትም፤ የዘገየባት ጊዜው ነው። ያዘገያትም የኖረችበት ሥርዓት መሆኑን ለማሳየት የፈለጉ ይመስላል።

በዓሉ ግርማ ደግሞ በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» ፍቅርንና ስለላን በአስመራ ከተማ አገናኙ። ፊያሜታ ጊላይ ከአንባቢ ልብ የማትጠፋ ሴት ናት። ይሁንና ታሪኩን የሚተርከው ወዳጇ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ስለሆነ፣ አንባቢ እርሷን የሚያያት በእርሱ ዓይን እንጂ ከገዛ ሐሳቧ ውስጥ ገብቶ አይደለም።

በውጭው ዓለም እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ስቱዋርት በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ሌላ መንገድ መርጣለች። ባለታሪኳ ባሏ የሞተባት ወጣት ሴት ናት፤ ታሪኩንም የምትተርከው ራሷ ናት። በደቡብ ፈረንሳይ መንገዶች ላይ ሲያሳድዷት መኪናዋን በብቃት እየነዳች ታመልጣለች። ብርታቷ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን የተማረችው ሙያ ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ አራት ሴቶች አንድ መመዘኛ ይገኛል። ባለታሪኳ ብቁ የምትባለው በራሷ ልብስ፣ በራሷ አንደበት፣ ድርጊቷ ገና ነገሩን ለመለወጥ በሚችልበት ሰዓት፣ ባወቀችው ነገር ተጠቅማ ስትነሣ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ድፍረቱን ቀድሞ ሰጥቷል፤ ዕውቀቱንና ጊዜውን አሟልቶ መስጠት ግን ለሚቀጥሉት ደራስያን የቀረ ሥራ ነው።

ለዚህ ሥራ የአዊ ምድር ስንቅ አያንሰውም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ ያልፋል፤ ወደ ቻግኒ የሚሄደውም መንገድ ከእንጅባራ ይገነጠላል። በመንታ መንገድ ላይ ያለች ከተማ መጪና ሂያጅ፣ የታወቀና ያልታወቀ ሰው አያጣትም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር የሚሰበሰበው ሕዝብ፣ የሚፈለግ ሰው ሊሰወርበትም ሊገኝበትም የሚችል ነው። ከሁሉ በላይ ግን በዚህ ምድር አውኚንና አማርኛን አስተባብራ የምትናገር ልጃገረድ ብርቅ አይደለችም። አይገባትም ብለው በፊቷ በአውኚ የሚዶልቱ ሰዎች መካከል ዝም ብላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ትታሰብ። ቃሉን ሁሉ ሰምታ፣ ምንም እንዳልሰማች ሆና ተነሥታ ስትወጣ፣ የአንባቢው ልብ ያለ ጎራዴና ያለ ወንድ ልብስ ይንጠለጠላል።

ነገሩ የደራሲ ብቻ አይደለም። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ወጥቶ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ የሁለቱም ተጋቢዎች ፈቃድ እንዲኖር ያዝዛል። ሕጉ ግን በሽማግሌዎች ፊት በአባቷ ቤት የተቀመጠችውን ልጅ አንደበት አይሆናትም። «እኔስ ምን እላለሁ?» ብላ በልቧ ለምትጠይቀው ልጅ የሰብለ መዘግየት ማስጠንቀቂያዋ፣ የጦቢያ መነሣት ማበረታቻዋ ሊሆን ይችላል። መምህሩ መጽሐፉን በክፍል ሲያነብ «ሰብለ መቼ ብትወጣ ኖሮ ትደርስ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅና የልጃገረዶቹን መልስ በትዕግሥት ቢያዳምጥ፣ ከብዙ ስብከት የበለጠ ሥራ ሠርቷል። ከመላሾቹም አንዷ ነገ ብዕር አንሥታ፣ በጊዜው የምትደርሰውን ሴት ልትጽፋት ትችላለች።