ሞተሩን የት እናጥፋ? ስለ ተራራ መንገድ አመራረጥ የቀረበ ዲስኩር



ስለ ባለአራት ጎማ ሞተር እንድናገር መጋበዜን የሰማ አንድ ወዳጄ «ለጎረምሳ መጫወቻም ዲስኩር ይደረጋል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አልተሳሳተም፤ ሞተሩ መጫወቻ ነው። መንገዱ ግን ቀልድ አያውቅም፤ የዛሬው ነገሬም ስለ መንገዱ ነው። ብዙዎቻችን መንገድ የምንመርጠው ፎቶግራፍ አይተን፣ አለዚያም «ከባዱ እሱ ነው» ሲባል ሰምተን ነው። እኔ ግን የምጠይቀው የት እንደምንነዳ ሳይሆን የት ሞተር አጥፍተን እንደምንቆም ነው።

ለምሳሌ ከዴንቨር ግማሽ ቀን የሚያስነዱትን የሳን ህዋን ተራሮች ልውሰድ። አልፓይን ሉፕ የሚባለው ፒስታ መንገድ 65 ማይል፣ ማለትም 105 ኪሎ ሜትር ያህል እየዞረ ሌክ ሲቲን፣ ሲልቨርተንንና ዩሬይን ያገናኛል። አብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማዕድን ቆፋሪዎች ለበቅሎና ለጋሪ የጠረጉት ነው። ሲናመን ፓስ 3,853 ሜትር፣ ኢንጂነር ፓስ ደግሞ 3,900 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። ባሌን የምታውቁ የሳነቴን አምባ አስቡ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ከፍታማ ለምጃለሁ» ይላል። እኔም ብዬ ነበር፤ ሲናመን አናት ላይ የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ እስክል ድረስ።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ሐምሌ ውስጥ ነበር። ቁርሳችንን ተዝናንተን በልተን፣ ቡና ደግመን፣ ረፋዱ ላይ ተነሣን። ኢንጂነር ፓስ ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። በረዶው የሞተሩን ታንክ እንደ ከበሮ ይደበድበው ጀመር፤ መብረቁ ከእኛ በታች ካለው ሸንተረር ላይ ሲወርድ አየሁት። ዛፍ የለ፣ መጠለያ የለ። ያን ቀን ካየሁት የመሬት ገጽታ የማስታውሰው የጓደኛዬን የኋላ መብራት ብቻ ነው። በእነዚያ ተራሮች የበጋ ነጎድጓድ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው፤ ሁለቱንም አናቶች እኩለ ቀን ሳይሞላ ማለፍ እንደሚገባ የአገሬው ሰው ሁሉ ያውቃል። እኛ አልጠየቅንም።

አሁን ጎህ ሲቀድ ከሌክ ሲቲ ተነሥቼ በሲናመን በኩል ወደ ምዕራብ እወጣለሁ። ፀሐይዋ ከጀርባዬ ስለምትሆን ፊት ለፊቴ ያለው ገደል ሁሉ በብርሃን ቀልቶ ይታያል፤ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣው ሰው ግን ዓይኑን አጨናብሶ ነው የሚነዳው። ያው አንድ መንገድ፣ ያው አንድ ጠዋት! በዚህ በኩል የሚገኘው አሜሪካን ቤዝን የሚባለው ሸለቆ በሐምሌ አጋማሽ አበባ ይለብሳል፤ የመጀመሪያው መቆሚያዬ እሱ ነው።

ስለ ሕጉ ባጭሩ ልበል። የሞተሩ ዓመታዊ የኮሎራዶ ተለጣፊ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በካውንቲዎቹ መንገዶች ላይ መንጃ ፈቃድና መድንም ይጠየቃል። ከዋናው መንገድ ለሚገነጠሉት ቅርንጫፎች የአሜሪካ ደን አገልግሎት በነጻ የሚያድለውን ካርታ ያዙ። ደረቅና መልከ ጥፉ ካርታ ነው፤ ነገር ግን የትኛው መንገድ ለየትኛው ተሽከርካሪ፣ በየትኛው ወር እንደተከፈተ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከ50 ኢንች ለማይሰፋ ሞተር ብቻ የተፈቀደ መንገድ አለ፤ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠውን ሰፊውን ዓይነት የተከራየ ሰው ይህን ሳያይ ቢገባ መዞሪያ ያጣል። ሲልቨርተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 እነዚህን ሞተሮች ከከተማዋ ጎዳናዎች ከልክላለች፤ በዚያው ዓመት ነዋሪው በድምፁ አጸናው። ብዙ ነጂ ተቆጥቷል። እኔ አልፈርድባቸውም፤ ቀኑን ሙሉ በመስኮቴ ስር ሞተር ሲያጓራ ብውል እኔም እጄን አወጣ ነበር።

ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ ደግሞ ከመንገዱ አንድ ጎማ እንኳ አታውጡ። እዚያ ሣሩ ዕድገቱ እጅግ አዝጋሚ ነው፤ የአንድ ደቂቃ ፈለግ ለአሥርተ ዓመታት አይሽርም። ጠባብ ቦታ ላይ ስትገናኙም ለሚወጣው ቅድሚያ ስጡ፤ ዳገት ላይ የቆመን ሞተር እንደገና ማስነሣት ከባድ ነው።

ረጅሙን ቆይታዬን የማቆየው ለአኒማስ ፎርክስ ነው። 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ የነበረች የቆፋሪዎች ከተማ ናት፤ ዛሬ የቀሩት ባዶ የእንጨት ቤቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1884 ለ23 ቀናት በጣለው በረዶ ነዋሪዎቿ ከቤት ወደ ቤት ለመሄድ ዋሻ ይቆፍሩ ነበር ይባላል። ባለፈው ዓመት አክስቴን ይዤ ሄድኩ። አንደኛው ቤት ወደ ውጭ የወጣ ሰፊ መስኮት አለው። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ እዚያ መስኮት ላይ ቆመች፤ ተራራውን ብዙ አየችው። ከዚያ ዞር ብላ፣

«ለመሆኑ እንጨቱን ከየት ያመጡት ነበር?» አለችኝ።

ዙሪያውን አየሁ። አንድም ዛፍ የለም። ሞተሩ እንደጠፋ፣ ቁልቁል ያለውን ጫካ በጣታችን እየጠቆምን ስንት የበቅሎ ጉዞ እንደሚፈጅ እንቆጥር ጀመር።