ስለ ልቃቂትና ስለ ጤፍ ዘር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የሳይንስ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ይዘን የቀረብነው አንድ ልቃቂት ክር ነው። የክሩ ባለቤት እዚሁ አስኮ የሚኖሩ የአንድ ጓደኛችን እናት ናቸው።

በያንዳንዱ የሰው ሴል ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም፥ ዲኤንኤ የሚባል የዘር ክር፥ ዓይን በማያያት ጠባብ ስፍራ ተጠቅልሎ ይገኛል። በክሩ ላይ የሚራራቁ ቦታዎች በልቃቂቱ ውስጥ ጐን ለጐን ሊውሉ ይችላሉ። ማን ከማን ጋር እንደሚጐራበት በሙሉ ለመመዝገብ፥ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2009 ሃይ-ሲ የተባለውን ዘዴ አወጡ።

እኛም ነገሩን በክር ልንሞክረው አሰብን። ክሩን በየስንዝሩ ልዩ ልዩ ቀለም ቀብተን ጠቀለልነው። በመጀመሪያው ቀን ቸኩለን በመቀስ ቈራረጥነው፤ ጠረጴዛው ላይ ቁርጥራጭ ተበተነ እንጂ የትኛው ከየትኛው አጠገብ እንደ ነበረ ማንም ሊናገር አልቻለም። የፎርማሊን ጥቅም የገባን ያን ጊዜ ነው። እኛ ፎርማሊንን የምናውቀው በብልቃጥ ውስጥ ያለችው እንሽላሊት እንዳትበሰብስ ሲጠብቅ ነው፤ በዚህ ዘዴ ግን ክሩ ከመቈረጡ በፊት ጐረቤታሞቹን በያሉበት ያጣብቃል። በሁለተኛው ቀን ሌላ ልቃቂት በዱቄት ሙጫ ነክረን አደረቅነው፤ ቈረጥነው፤ ተጣብቀው የቀሩትን ጫፎች ቋጠርን፤ ሙጫውንም በሙቅ ውሃ አጠብን። ቋጠሮዎቹ ቀሩ፤ ቀይ ከአረንጓዴ፥ ሰማያዊ ከቢጫ ጋር! በእውነተኛው ላቦራቶሪ መቀሱም ቋጣሪውም ኤንዛይም ነው፤ በቋጠሮው ላይ ባዮቲን የሚባል ምልክት ስለሚደረግበት ከሌላው ተለይቶ ይወጣል፤ ፊደላቱም በመሣሪያ ይነበባሉ። የብዙ ሚሊዮን ሴሎች ቋጠሮ ሲቈጠር ካርታ ይሆናል።

ይህ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖር ይሆናል። ጤፍ 40 ክሮሞዞሞች አሉት፤ እነርሱም ከሁለት ልዩ ልዩ ቅድመ አያቶች የወረሳቸው ስለ ሆኑ እጅግ ይመሳሰላሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደይ ጤፍ የዘር ጽሑፍ ሲወጣ በብዙ ቁርጥራጭ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2020 የዳቢ ጤፍ ሲወጣ ግን ቁርጥራጮቹ በሃይ-ሲ እየተሰለፉ በ20 ጥንዶች ልክ ተደለደሉ፤ በአንድ ክር ላይ የሚቀራረቡት ዘወትር ስለሚቋጠሩ፥ የቋጠሮው ብዛት ተራቸውን ይናገራልና። ጤፍ ሲጋሸብ ምርቱ እንዴት እንደሚጐዳ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ የአገዳውን ቁመት የሚወስነውን ዘር የሚፈልግ አዳቃይ ይህን የመሰለ ካርታ ያስፈልገዋል።

ቋጠሮ ግን መገናኘትን እንጂ የመገናኘትን ምክንያት አይነግርም፤ እርሱን ለማወቅ ሌላ ፈተና ይፈለጋል።

ቋጠሮዎቻችን በመስኮቱ አጠገብ በሰሌዳ ላይ ተሰቅለዋል። የክሩን ባለቤት፥ የተቈረጠውን መቀጠል ስላልቻልን፥ በዚሁ አጋጣሚ ይቅርታ እንጠይቃለን።