ከጎባ እስከ ደሎ መና፤ የአንድ ቀን የብስክሌት ጉዞ ስለ ማቀድ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ረጅም የብስክሌት ጉዞ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ለተራራ አገር አይበቃም። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቲን አምባ የሚያቋርጠው፣ ከዚያም በሐረና ደን ውስጥ ወርዶ ደሎ መና የሚገባው መንገድ ርዝመቱ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል ርቀት በሜዳ ላይ ቢሆን ልምድ ያለው ብስክሌተኛ ሳይጨነቅ ይጨርሰዋል። በባሌ ተራሮች ላይ ግን ኪሎ ሜትሩን ብቻ አስልቶ የተነሣ ሰው ጀምበር ስትጠልቅ ራሱን የሚያገኘው በከተማ ሳይሆን በጫካ መካከል ነው። እንዲህ ያለው ጉዞ የሚታቀደው በከፍታና በሰዓት ነው፤ ሰዓቱም የሚቆጠረው ከመድረሻው ወደ መነሻው ነው።

አስቀድሞ መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,740 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ወጥቶ ሽቅብ የሚያቀናው ተጓዥ በመጀመሪያ የሚያገኘው ጥድና ኮሶ ነው፤ ቀጥሎ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ ይመጣል፤ ከዚያም አስታው ይጀምራል። የአስታ ወገን የሆኑ ዕፀዋት በአውሮፓ ምድር በአብዛኛው ከጉልበት የማይዘልቁ ቁጥቋጦዎች ሆነው ገላጣውን ሜዳ የሚሸፍኑ ናቸው። በባሌ ግን አስታ በታችኛው ዳርቻው ዛፍ ሆኖ ይቆማል፤ ከቅርንጫፎቹም ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚመስል ሽበት ይንጠለጠላል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ቁጥቋጦ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ደኑ የት እንዳበቃና የአስታው ሜዳ የት እንደጀመረ በአንድ መሥመር ለይቶ ማሳየት አይቻልም። ለብስክሌተኛው የሚሰጠው ምልክት ሌላ ነው፤ አስታው ከራሱ ቁመት ባነሰ ጊዜ ነፋሱን የሚከልልለት ነገር እንደቀረ ይወቅ።

ከአስታው በላይ ሳነቲ ነው። አምባው በአብዛኛው ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን ብርማ ቅጠል ባላቸው ቁጥቋጦዎች፣ በትናንሽ ሐይቆችና እንደ ዘብ ብቻ ለብቻ በቆሙ ጅባራዎች የተሞላ ነው። በላዩ የሚያልፈው መንገድ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬዱ የአፍሪካ መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው ነው እየተባለ ይነገርለታል። በደቡብ በኩል አምባው በድንገት ይቆረጥና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ይወርዳል። እዚያም አስታው እንደገና ይመጣል፤ ከሪራ መንደር ወዲያ ኮሶው፣ ቀርከሃው፣ ዝግባው፣ ዝቅ ሲልም የጫካ ቡናው በየተራ ይከተላሉ። ደሎ መና የምትገኘው ወደ 1,300 ሜትር ግድም ላይ ነው። እንግዲህ ተጓዡ በአንድ ቀን ከ1,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከወጣውም እጥፍ የሚበልጥ ይወርዳል ማለት ነው።

በ4,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ በከተማው የሚተነፍሰው አየር ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ከቆላ ከመጣው ሰው ይልቅ ጥቂት ብልጫ አለው፤ ብልጫው ግን ሊያታልለው አይገባም። በጎባ ወይም በሮቤ ሁለት ሌሊት ማደር፣ በመካከሉም ባለው ቀን እስከ አስታው ድረስ ቀለል ያለ ጉዞ ማድረግ ይገባል። ይህን አንድ ቀን ለመቆጠብ ሲባል ሙሉው ጉዞ የተበላሸባቸው ብዙዎች ናቸው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንለፍ። ለጉዞው የሚስማማው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ነው፤ በባሌ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ የሚዘልቅ ስለሆነ በሌላው ወቅት መንገዱ ጭቃ፣ አምባውም ጉምና በረዶ ይሆናል። በደረቁ ወራት ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ግድም ትጠልቃለች። በደን ውስጥ ግን ብርሃኑ ቀደም ብሎ ስለሚደክም ደሎ መና መግባት የሚገባው በ11 ሰዓት ነው። ከሪራ እስከ ደሎ መና ያለው ቁልቁለት፣ ጎማ ለመጠገንና ውኃ ለመጠጣት የሚባክነው ተጨምሮ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ይያዝለት፤ እንግዲያው ሪራን መልቀቅ የሚገባው ከቀኑ በ7 ሰዓት ተኩል ነው። አምባውን አቋርጦ ገደሉን ለመውረድ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ተጓዡ በ5 ሰዓት የአምባው ሰሜናዊ ደፍ ላይ መገኘት አለበት። ከጎባ እስከዚያ ያለው ዳገት በዝግታ፣ ምናልባትም አንዳንዱን ቦታ ብስክሌት በመግፋት፣ አምስት ሰዓት ይወስዳል። መነሻው ሳይወድ በግድ ጎሕ ሲቀድ በ12 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ከመነሻው ወደ ፊት ቢቆጠር ኖሮ ቁርስ ተበልቶ በ2 ሰዓት መነሣት ምንም ጉዳት የሌለው ይመስል ነበር።

የዕቅዱ ሁሉ ቁልፍ ያ ሰሜናዊ ደፍ ነው። ከፍታ ያመመው ሰው፣ ራሱን የሚመታው፣ የሚያቅለሸልሸው ወይም እግሩ የሚወላከፍ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ ነው። ደፉ ላይ ሳለ መውረጃው ከጀርባው ነው፤ ብስክሌቱን ቢያዞር መንገዱ ራሱ ወደ ጎባ ይወስደዋል። ወደ አምባው መሐል ከዘለቀ በኋላ ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ያለው ያው ከፍታ ነው፤ በዚያ ላይ ከቀትር በኋላ ደመናው ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የመመለሻ ሰዓት ገና በጎባ ሳሉ ተወስኖ በወረቀት ይጻፍ፤ 5 ሰዓት ተኩል ሆኖ ደፉ ላይ ያልደረሰ ሰው ይመለሳል። ውሳኔው ቀድሞ እንዲጻፍ የሚያስፈልገው አየር ያነሰው አእምሮ አመዛዝኖ ስለማይፈርድ፣ የደከመም ሰው ወደ ኋላ መመለስን እንደ ውርደት ስለሚቆጥር ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ሲጓዙ ሰዓቱ የሚቆጠረው በደካማው እንጂ በብርቱው አይደለም።

በዚሁ ምክንያት የቱሉ ዲምቱ ነገር ለሌላ ቀን ይተው። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ተራራ» ማለት ሲሆን ቁመቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ከአምባው ላይ የሚገነጠል መንገድም እስከ ጫፉ ያደርሳል። ቅርብ ስለሚመስል ያጓጓል። ነገር ግን የሚበላው ጊዜ ከሐረና ድርሻ ላይ የሚቀነስ ነው፤ በሐረና ደግሞ ጅብ ብቻ ሳይሆን አንበሳም አለ። ሪራ የደረሰው ከ8 ሰዓት በኋላ ከሆነ ማደሪያ ጠይቆ እዚያው ማደር እንጂ በጨለማ መውረድ አይታሰብም።

ብዙ ሰው ዳገቱን ሲፈራ ቁልቁለቱን ይንቃል። ከአምባው እስከ ደሎ መና የሙቀቱ ልዩነት ከ15 ዲግሪ ይበልጣል፤ በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ በላብ የረጠበ ሰው ነፋስ ሲመታው ጣቱ ስለሚደነዝዝ ፍሬን መጨበጥ ይሳነዋል። ስለሆነም ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ወፍራም ጓንት ማጥለቅ፣ ከጃኬት ሥር ደረት ላይ ጋዜጣ መደረብ ያስፈልጋል፤ የቆየ የብስክሌተኞች ብልሃት ነው፣ ከጋዜጣም የሚገኝ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው። የፍሬኑ ጎማ ከመነሣት በፊት አዲስ ይሁን፤ በጠጠሩ ላይም ፍሬኑን ሳያቋርጡ ከመያዝ ይልቅ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መውረድ ይሻላል።

ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ አገሪቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወከሉት መካከል ገረመው ደንቦባና ባልንጀሮቹ ብስክሌተኞች ነበሩ። ሆኖም ተወዳዳሪን መለዋወጫ የጫነ መኪና ይከተለዋል፤ ተጓዥ ግን ሁሉን ራሱ ይሸከማል። ሁለት ካላማዳሪያ፣ ጎማ መንፊያ፣ የካቴና መፍቻና የዝናብ ልብስ አይቅር። ለስንቅ የአገሩን ጭኮ የሚያህል የለም፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ስለሆነ ትንሹ ብዙ ያስኬዳል፣ ብርድም አያደርቀውም። ስልክ ለካርታ ቢጠቅምም ብርድ ባትሪውን ስለሚያደክመው በደረት ኪስ ይያዝ፤ የወረቀት ካርታም አብሮ ይሁን።

የሚታለፍበት ምድር ባለቤት እንዳለው በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በዲንሾ ስለሆነ ፈቃዱን አስቀድሞ መጨረስ፣ ስለ መንገዱና ስለ ፀጥታውም በዚያው መጠየቅ ይገባል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ነው፤ በሳነቲ ላይ ፍልፈል ሲያድኑ ማየትም ብርቅ አይደለም። ቆሞ ማየት እንጂ መከተል ወይም ምግብ መጣል አይገባም። ለቀበሮዎቹ ትልቁ ጠንቅ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ይኸው በሽታ ለብስክሌተኛውም ያሰጋዋል። የእረኛ ውሻ ሲያባርረው መሮጥ ነገሩን ያብሳል፤ ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ መቆም፣ እረኛውንም «አካም» ብሎ ሰላምታ መስጠት ይሻላል፤ ውሻውን የሚመልሰው እሱ ነው።

እሳትን በተመለከተ ቸል የሚባል ነገር የለም። አስታ እርጥብ ሲመስል እንኳ ደረቅ በሆነ ወቅት ፈጥኖ ይቀጣጠላል፤ በ1992 ዓ.ም. በበጋው የተነሣው ቃጠሎ ብዙ ደንና አስታ አጥፍቷል። እረኞች ለከብቶቻቸው አዲስ ሣር እንዲበቅል አስታውን ማቃጠላቸው የቆየ ልማድ ነው፤ አስታም ከግንዱ ሥር እንደገና ያቈጠቁጣል፤ ቃጠሎው ቶሎ ቶሎ ሲደጋገም ግን ዛፍ ለመሆን ጊዜ አያገኝም። ጉዞው የሚስማማበት ወቅትና እሳት የሚነሣበት ወቅት አንድ ስለሆነ ተጓዡ ቡናውን በጎባ በፔርሙስ ሞልቶ ይያዝ እንጂ በመንገድ ላይ እሳት አይለኩስ። ጭስ ከታየ በዚያው ቀን ጉዞው ይቀራል።

የቀረው አንድ ጉዳይ ነው። የሰዓቱ ዝርዝር በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ በተጓዡ ኪስ፣ ሌላው በጎባ ከሚያድርበት ቤት ባለቤት ዘንድ ይቀመጥ። በወረቀቱ ላይ ሦስት ሰዓታት ይኑሩ፤ ደፉ ላይ የሚደርስበት፣ ሪራን የሚለቅበት፣ ደሎ መና የሚገባበት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ከደሎ መና ወይም ከሪራ ወሬው ካልተሰማ ለማን እንደሚነገርም በግርጌው ይጻፍ።