ሁለት ዘበኛ ለአንድ በር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለ ሆነ ወደ ጉዳዩ በቀጥታ እገባለሁ። የምናገረው ስለ ፋየርዎል ነው፤ ይልቁንም ሁለት ፋየርዎሎች እየተተካኩ እንዲሠሩ ከተደረገ በኋላ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው የማይነሣበት ምክንያት ምን እንደ ሆነና እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው። ነገሩ ለባለሙያዎች ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን በ2016 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች አንዳንዶቹ ብሔራዊውን ፈተና በወረቀት ሳይሆን በኮምፒዩተር እንደ ተፈተኑ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ተፈታኙ መልሱን በሚልክበት መንገድ ላይ የቆመው መሣሪያ በፈተናው መካከል ቢጠፋ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ድካም በአንድ ሳጥን ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ባንኩም ሆስፒታሉም ከዚህ የተለየ ዕድል የላቸውም።

ፋየርዎል ማለት የአንድን መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር መረብ ከውጭው ኢንተርኔት የሚለይ የበር ዘበኛ ነው። የሚገባውንና የሚወጣውን መረጃ እያየ፣ በተሰጠው ደንብ መሠረት ወይ ያሳልፋል፤ ወይ ይከለክላል። ሁሉም በእርሱ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ እርሱ ሲታመም በሩ ራሱ ይዘጋል። ስለዚህም አቅም ያለው መሥሪያ ቤት ሁለት ይገዛና አንዱን ተረኛ፣ ሁለተኛውን ተጠባባቂ ያደርጋል። ተረኛው ሲወድቅ ተጠባባቂው ሥራውን የሚቀበልበት ሥርዓት ፌይልኦቨር ይባላል፤ እኔ ግን በቢሮ የለመድነውን ቃል ወስጄ ርክክብ እለዋለሁ።

እንግዲህ ተጠባባቂው የጓደኛውን መውደቅ በምን ያውቃል? የሌሊት ዘበኞች በፊሽካ እንደሚጠራሩ ሁሉ፣ ሁለቱ መሣሪያዎች ለዚሁ በተዘረጋ ገመድ አጫጭር ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ሲስኮ ኤኤስኤ በተባለው ፋየርዎል፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ሰላምታው በየ1 ሴኮንዱ ይላካል፤ ተጠባባቂውም እስከ 15 ሴኮንድ ዝምታ ይታገሣል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2004 ከኦፕንቢኤስዲ 3.5 ጋር የወጣው ካርፕ የሚባለው ሥርዓትም (ስሙ በእንግሊዝኛ የዓሣ ስም ነው) በዚሁ መንገድ ይሠራል። በነጻ የሚገኝ ስለ ሆነ የኮምፒዩተር ክበባችን ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮችን በእርሱ አጣምሮ ይማርበታል።

የችግሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታ ሁለት ትርጉም አለውና። ጓደኛዬ ዝም ያለው ሞቶ ነው ወይስ በመካከላችን ያለው ገመድ ተበጥሶ? በሕይወት ያለውን ሞተ ብሎ የሚነሣ ተጠባባቂ፣ የሞተውን አለ ብሎ ከሚተኛው ይልቅ የከፋ ጥፋት ሊያደርስ ይችላል። ሁለቱም «ተረኛው እኔ ነኝ» ሲሉ በአንድ ቤት ሁለት አባወራ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ አንድ አድራሻ ይይዛሉ፤ ገመዶቹን የሚያገናኘው ስዊችም መረጃውን አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ ይልካል። ተጠቃሚው የሚያየው ግን ግማሹ ተከፍቶ የቀረ ገጽ ነው፤ እርሱም ኢንተርኔቱን ይረግማል። በኤኤስኤ ላይ የመገናኛው ገመድ በሥራ መካከል ቢቋረጥ መሣሪያዎቹ በሌሎቹ ገመዶች ተጠራርተው ይተዋወቃሉ፤ ተረኛውም ተረኛ እንደ ሆነ ይቆያል። ሲነሡ ገና ከመጀመሪያው ገመዱ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ሁለቱም ተረኛ ይሆናሉ።

በሌላ ዐይነት መሣሪያ ላይ የደረሰ ቢሆንም የሁለቱን ዐይነት ጉዳት የሚያሳዩ ሁለት እውነተኛ ታሪኮች ልጥቀስ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በጥቅምት 21 ቀን 2018 ጊትሀብ በተባለው ድርጅት ውስጥ መገናኛው ለ43 ሴኮንድ ብቻ ተቋረጠ። የመረጃ ማከማቻዎቹን የሚቆጣጠረው ፕሮግራም ግን በዚያች ጊዜ ውስጥ ሥልጣኑን ከአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ወደ ምዕራብ ዳርቻ አዛወረ። በሁለቱም ወገን ለሌላው ያልደረሰ ጽሑፍ ስለ ነበረ፣ አገልግሎቱ ለ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ተጓድሎ ቆየ። ሁለተኛው ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። በጥቅምት 1 ቀን 2020 በቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ የአንድ ማከማቻ መሣሪያ ሜሞሪ ተበላሸ፤ ተጠባባቂው አጠገቡ ነበር፤ ርክክቡ ግን አልተፈጸመም። ምክንያቱ ሲመረመር በመሣሪያው ላይ የተደረገው ምርጫ የሚሰጠው ውጤት፣ የአጠቃቀም መጽሐፉ ከሚለው የተለየ ሆኖ ተገኘ። ገበያው ቀኑን ሙሉ ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር መጨረሻ ላይም የገበያው ፕሬዚዳንት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሁለት መሣሪያ መግዛት ብቻ ምን ያህል እንደማይበቃ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ርክክቡ እምቢ ሲል ፍለጋው ከየት ይጀምር? ብዙ ሰው መሣሪያውን አጥፍቶ በማብራት ይጀምራል። ይህ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ነው፤ መዝገቡ ካልተያዘ ማስረጃው አብሮ ሊጠፋ ይችላልና። አስቀድሞ ሁለቱን መሣሪያዎች ለየብቻ «አንተ ማን ነህ? ጓደኛህስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በኤኤስኤ ላይ «ሾው ፌይልኦቨር» የሚለው ትእዛዝ ይህንኑ ይመልሳል። መልሳቸው የተለያየ እንደ ሆነ ነገሩ ከመገናኛው ነው። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፤ «አንደኛ» እና «ሁለተኛ» የሚለው የመሣሪያው ቋሚ ስም ሲሆን፣ «ተረኛ» እና «ተጠባባቂ» የሚለው ግን የሚለዋወጥ ሥራው ነው። ሁለተኛው ተረኛ ሆኖ ቢገኝ ይህ በራሱ ብልሽት አይደለም።

ቀጥሎ ገመዱን በእጅ መከተል ያስፈልጋል። የሰላምታው ገመድና የሥራው ገመድ በአንድ ስዊች ውስጥ የሚያልፉ እንደ ሆነ፣ ሁለቱ ፋየርዎሎችም ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከአንድ ማከፋፈያ እንደ ሆነ፣ ሁለት ዘበኛ ቀጥሮ አንድ ፊሽካ እንደ መስጠት ነው። ስዊቹም ራሱ የሚያዘገይበት ጊዜ አለ፤ የመስመር ለውጥ ሲሰማው አዙሪት እንዳይፈጠር በመስጋት ፖርቱን ከ30 እስከ 50 ሴኮንድ ይዘጋል። ፋየርዎሉ በጥቂት ሴኮንድ ተረክቦ ሳለ ሰው አንድ ደቂቃ ያህል የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ መድኃኒቱም በፋየርዎሉ ላይ ሳይሆን በስዊቹ ላይ ይገኛል።

ርክክቡ ተፈጽሞ ሁሉም ሰው እንደ ገና ስምና የይለፍ ቃል ቢጠየቅስ? ያን ጊዜ የጎደለው የሥራው ማስታወሻ ነው። ተረኛው ማን ከማን ጋር እንደ ተገናኘ በዝርዝር ይይዛል፤ ይህ ዝርዝር በየጊዜው ለተጠባባቂው ካልተላለፈ፣ አዲሱ ዘበኛ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ እንደ እንግዳ ይቈጥረዋል። ለተፈታኝ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ከኢንተርኔት አቅራቢው የሚመጣው መስመር ራሱ ከውጭ የተቆረጠ እንደ ሆነ ዘበኛውን መለወጥ ምንም አይጠቅምም፤ መንገዱ ለሁለቱም አንድ ነውና።

ይህን ሁሉ ከአደጋው በፊት ለማወቅ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ሥራ በሌለበት ሰዓት አስታውቆ ተረኛውን ሆን ብሎ መጣል። ሦስቱን ለየብቻ መሞከር ይገባል፤ ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ፣ ከሥራ ገመዶች አንዱን መንቀል፣ የሰላምታውን ገመድ መንቀል። ሦስቱ የተለያየ መልስ አላቸው። የመጀመሪያው ብቻ ተሞክሮ «ይሠራል» የሚል ወረቀት የተፈረመ እንደ ሆነ፣ ወረቀቱ ስለ ሁለቱ ቀሪዎች ምንም አይናገርም። በሙከራው ጊዜ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ፒንግ ሳይቋረጥ እንዲሄድ አድርጎ የጠፉትን መልሶች መቊጠር ጥሩ ነው፤ በግምት ከመከራከር ያድናል።

የመጨረሻው ጥያቄ የወደቀው ተረኛ ሲድን ወዲያው ወደ ቦታው ይመለስ ወይስ አይመለስ የሚል ነው። ሁለት መሣሪያ ብቻ ያለው ኤኤስኤ በራሱ ፈቃድ አይመለስም፤ ሰው እስኪያዝዘው ተጠባባቂ ሆኖ ይቆያል። ቪአርአርፒ የተባለው ሥርዓት ግን፣ ካልተከለከለ በቀር፣ ይመለሳል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ በሚወድቅና በሚነሣ መሣሪያ ምክንያት በየደቂቃው ከመረካከብ፣ ፈተናው እስኪያልቅ በሁለተኛው መሥራት ይሻላልና። የማትስማሙ ብትኖሩ የክበባችን ሁለት ኮምፒዩተሮች ዛሬ ከሰዓት በኋላ በኮምፒዩተር ክፍል ሥራ ላይ ይሆናሉ፤ ከወላጆቻችን መካከል ገመዱን በገዛ እጁ ሊነቅል የሚወድ ቢኖር በደስታ እንቀበለዋለን።