ስለ ቤት ውስጥ የጥገና ጠረጴዛ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሰፈራችን ራዲዮና ቴሌቪዥን በቤታቸው እየጠገኑ የሚተዳደሩ ወጣቶች አሉን። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ጠረጴዛው ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ሲሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል እንላለን።

ጠረጴዛው ደረቅ እንጨት ይሁን፤ ከውሃና ከአልጋ ይራቅ፤ ለጋለው ካውያም ማስቀመጫ ይኑረው።

የቤታችን ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። ስፒናው ተነቀለ ማለት ዕቃው ሞተ ማለት አይደለም፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር 300 ቮልት ያህል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሽቦው በደንብ የተሸፈነ ባለ ክር አምፖል አስነክቶ ማራገፍ፣ ከዚያ በቴስተር ለክቶ ማረጋገጥ ነው እንጂ ዝም ብሎ እጅ መስደድ አይገባም።

ብዙው የመበየጃ ሽቦ እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት። መርዝ ነው፤ ይልቁንም ለሕፃናት። እኛ ደግሞ እንጀራ በእጃችን የምንቆርስ ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ከማዕድ በፊት በሳሙና መታጠብ የግድ ነው። ሲበየድ መስኮት ይከፈት፤ ፍርፋሪው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

በመጨረሻም የቆጣሪው ማጥፊያ የት እንዳለ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። ኮረንቲ የያዘው ሰው ቢኖር መጀመሪያ የሚነካው ማጥፊያው ነው፣ ሰውዬው አይደለም።

ልጆቻችን በሙያቸው ይደጉ፤ ቤታችንም ሰላም ይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ