ሳፋው የት ይቀመጥ?

ስለ ጠባብ መኖሪያ ቤትና ስለ ልብስ አጠባ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር




መኖሪያ ቤት ሲነደፍ ለመኝታ፣ ለማብሰያ፣ ለመጸዳጃና ለእንግዳ መቀበያ የሚሆነው ስፍራ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይመደባል። የአልጋው ስፋት ይለካል፤ የበሩ አከፋፈት ይታሰባል፤ ምድጃው ከመስኮቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠናል። ልብስ ማጠብ ግን በየሳምንቱ፣ ሕፃን ባለበት ቤትም በየቀኑ የሚፈጸም ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በብዙ ንድፎች ላይ ስሙ እንኳ አይገኝም። ስም ያልተሰጠው ሥራ ቦታ አይሰጠውም። ቦታ ስላልተሰጠው ግን ሥራው አይቀርም፤ የሌላውን ቦታ እየነጠቀ ይፈጸማል። ብዙ ጊዜ «ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ማሽን አይገባም» ተብሎ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ይሁን እንጂ ማሽኑ ባይገባም ሥራው መግባቱ አይቀርም። ስለሆነም ባለሙያው አስቀድሞ ሊያስብ የሚገባው ለማሽኑ ሳይሆን ለሥራው ነው።

በአዲስ አበባ የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ የቀድሞው ግቢ ጠባብም ቢሆን ለዚህ ተግባር የሚበቃ ስፍራ ነበረው። ቧንቧው ከደጅ ነው፤ ሳፋው ከቧንቧው አጠገብ ይቀመጣል፤ አጣቢዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታሻለች፤ የታጠበው ልብስ ከቤቱ ግድግዳ እስከ አጥሩ በተወጠረ ገመድ ላይ ይሰጣል፤ እጣቢውም በቦይ ይወርዳል። ግቢው የብዙ ቤተሰብ በሆነ ጊዜ እንኳ የቧንቧ ተራ፣ የገመድ ተራ፣ ዝናብ ሲመጣም የጎረቤትን ልብስ ጭምር የማንሣት ወግ ነበር። ይህ አኗኗር እንከን የለበትም ማለት አይደለም። እጣቢው በየመተላለፊያው መፍሰሱ፣ በክረምትም ጭቃው የታጠበውን ልብስ መልሶ ማቆሸሹ የታወቀ ነው። ቢሆንም ሥራው መሬትም ሰማይም ነበረው።

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአዲስ አበባ በሰፊው የተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ማለትም ኮንዶሚኒየሞች፣ ብዙ ሺህ ቤተሰቦችን የቤት ባለቤት አድርገዋል። የመርሐ ግብሩ መለኪያ ስቱዲዮ የሚባለውን ባለ አንድ ክፍል ቤት እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታውን ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት መኝታውን ከ30 እስከ 45፣ ባለ ሦስት መኝታውን ከ45 ካሬ ሜትር በላይ አድርጎ የያዘ ነበር። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ምድር ቤቱን ጨምሮ አምስት ወለል ያላቸው ሲሆኑ፣ ሊፍት የላቸውም። ውስን በሆነ ገንዘብ ለብዙ ሕዝብ ቤት ለማዳረስ ሲባል እያንዳንዷ ካሬ ሜትር መቆጠሯ ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን ከቤቱ ስፋት ጋር ግቢውም ቀረ፤ በግቢው ይሠራ የነበረው ሥራ ግን ከሰዎቹ ጋር ፎቅ ወጣ።

ዛሬ ሥራው በአብዛኛው የሚፈጸመው በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። የመጸዳጃው መቀመጫ፣ የእጅ መታጠቢያውና ሻወሩ በተጨናነቁበት ክፍል ሳፋው ሲቀመጥ በሩ አይዘጋም፤ በሩ ሲዘጋ ሳፋው አይቀመጥም። ከቤተሰቡ አንዱ መጸዳጃውን ቢፈልግ ሥራው ይቋረጣል። አጣቢዋ፣ እናትም ትሁን የቤት ሠራተኛ፣ እግሯን የምትዘረጋበት ስፍራ ስለማታገኝ ረጅም ሰዓት ጐንበስ እንዳለች ታሻለች። በረኪና በተጨመረ ጊዜም መስኮቱ ትንሽ በሆነ ክፍል ውስጥ ሽታውን ስትተነፍስ ትውላለች። የጋቢ ነገር ደግሞ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ ውሃ ሲጠጣ እጅግ ይከብዳል። በግቢ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠመዝዙት ነበር። በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ግን ለሁለት ሰው መቆሚያ የለም። የአንድ ቤተሰብ ክቡር ልብስ የሚታጠብበት ስፍራ ማጣቱ ለነዳፊው ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል፤ ለምትጠመዝዘው ሴት ግን የወገብ ጉዳይ ነው።

የውሃውንም ጣጣ በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። አንድ ዙር የእጅ አጠባ አንድ ሳፋ ለመዘፍዘፊያ፣ አንድ ለማሻ፣ ሁለት ለማለቅለቂያ ቢጠይቅና ሳፋው 20 ሊትር ቢይዝ፣ ድምሩ 80 ሊትር ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ወይም ግፊቱ ላይኛው ፎቅ በማይደርስበት ሰፈር ይህ ማለት አራት ጀሪካን ማለት ነው። አራቱም በደረጃ ይወጣሉ። የእያንዳንዱ ወለል ከፍታ 3 ሜትር ቢሆን፣ በአራተኛ ፎቅ የሚኖር ቤተሰብ 80 ኪሎ ውሃ 12 ሜትር ወደ ላይ ያነሣል ማለት ነው። ከዚያም ውሃው በተራው መውረድ አለበት። ወለሉ ውሃ እንዳያሰርግ በሚገባ ካልተለበጠ፣ ተዳፋቱም ወደ ፍሳሽ መውረጃው ካላዘነበለ፣ እጣቢው በግድግዳውና በወለሉ መጋጠሚያ ሰርጎ በሶሌታው በኩል ወደ ታችኛው ጎረቤት ይዘልቃል። በጣሪያ ላይ የሚታየው ቢጫ ክብ በጎረቤቶች መካከል የቅሬታ ምንጭ ይሆናል። የላይኛው የታችኛውን «ያጋንናል» ይላል፤ የታችኛው የላይኛውን «አይጠነቀቅም» ይላል። ጥፋቱ ግን ከሁለቱም አይደለም፤ ሻወር ለመታጠቢያ ብቻ ተብሎ በተሠራ ወለል ላይ የግቢ ሥራ እንዲሠራ ከተወው ንድፍ ነው።

ማጠቡ ካለቀ በኋላ ማድረቁ ይከተላል፤ በጠባብ ቤት የሚበልጠውም ችግር ይህ ነው። በእጅ የተጨመቀ የጥጥ ልብስ የራሱን ደረቅ ክብደት ያህል ውሃ ይዞ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ 5 ኪሎ ልብስ በቤት ውስጥ ቢሰጣ ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ተንኖ ወደ ክፍሉ አየር ይገባል። በበጋ የአዲስ አበባ ፀሐይና ነፋስ ይህን ቶሎ ይወስዱታል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወራት ግን መስኮቱ ተዘግቶ ስለሚውል፣ እርጥበቱ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባና ከክፍሉ ማዕዘን ሻጋታ ይበቅላል። የሚተነፍሱትም በዚያው ክፍል የሚያድሩት ልጆች ናቸው። ገመዱም ቢሆን ስሌት አለው። ሃያ ልብሶች እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲ ሜትር ቢፈልጉ 12 ሜትር ገመድ ያስፈልጋል። ርዝመቱ 2 ሜትር በሆነ በረንዳ ላይ ይህ ስድስት ገመድ ነው፤ በመካከላቸው 20 ሳንቲ ሜትር ቢተው 1 ሜትር ጥልቀት ይጠይቃል። በረንዳው ይህን ካልበቃ ልብሱ ከአጥሩ ውጪ ይንጠለጠላል፤ እሱን ለማንሣትም አንድ ሰው ወገቡን ከበረንዳው አሳልፎ ያጐነብሳል። ከታች የሚያልፍ ሰው የሚያየው የሕንፃውን ገጽታ መበላሸት ነው። ባለሙያ ግን አስቀድሞ ሊያይ የሚገባው የሰውየውን አደጋ ነው።

«ማሽን ቢገዛ ሁሉም ይቃለላል» የሚል አስተያየት መቅረቡ አይቀርም። በእርግጥም የልብስ ማጠቢያ ማሽን ትልቅ የድካም ማቅለያ መሆኑ አያጠራጥርም። የተለመደው ማሽን 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ ያንኑ ያህል ጥልቀትና 85 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ከፊቱ ለሚቆመው ሰው ሌላ 90 ሳንቲ ሜትር ቢታሰብ 0.9 ካሬ ሜትር ያህል ይወስዳል። ይህም ከ20 ካሬ ሜትር ቤት 4.5 በመቶ ብቻ ነው። ሆኖም ማሽኑ ከቦታ በላይ ይጠይቃል፤ የማይቋረጥ ውሃ፣ የራሱ ፍሳሽ መውረጃ፣ የመሬት ሽቦ ያለው የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር ያስፈልገዋል። እነዚህ በሌሉበት የገባ ማሽን ውሃው ሲቋረጥ በመካከል ይቆማል። ከሳሎን በተጐተተ ማከፋፈያ ገመድ ሲሠራም በእርጥብ ወለል ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ይሆናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማሽን አይሰጣም፤ ጨምቆ ያወጣውን ልብስ የሚያደርቀው ያው ገመድ ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤቶቹን ያቀዱ ባለሙያዎች ነገሩን ጨርሰው አልዘነጉትም። ለበርካታ ሕንፃዎች አንድ የጋራ መገልገያ ቤት፣ ነዋሪው ኮሚናል የሚለው፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለእርድ እንዲሆን ታስቦ ተሠርቶ ነበር። ሐሳቡ ከሕዝቡ አኗኗር የተነሣ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን በአንዳንድ ሰፈሮች እነዚህ ቤቶች ተዘግተው ይታያሉ፤ በሌሎቹም ለሱቅ ወይም ለቢሮ ተከራይተዋል። ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም። አንዲት ሴት ሕፃኗን ትታ የታጨቀ ሳፋ ይዛ አራት ፎቅ ወርዳ፣ ውሃ ከሌለበት ቤት ደርሳ፣ ልብሱን ሰቅላ የሚጠብቅላት ሳታገኝ፣ እርጥቡን ተሸክማ የምትመለስ ከሆነ ሁለተኛ አትወርድም። የጋራ ቤት በግንብ ብቻ አይቆምም፤ ውሃ፣ ተራና ጠባቂ ያስፈልጉታል። የሕንፃ የጋራ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበራት የጋራ መገልገያዎችን የሚያስተዳድሩበትን መሠረት የጣለው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ጭምር ነው።

የጋራ አጠባ በሌላ አገር መሳካቱን ለማየት ወደ ቪየና መመልከት ይቻላል። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1930 የተመረቀውና ካርል ኤን የተባለው አርኪቴክት የነደፈው ካርል ማርክስ ሆፍ ከ1,300 በላይ መኖሪያዎችን የያዘ ነው። መኖሪያዎቹ ትንንሽ ነበሩ፤ መታጠቢያ ክፍልም በየቤቱ አልነበራቸውም። በምትኩ በግቢው ውስጥ ሁለት ማዕከላዊ የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ተሠርተው ነበር። እነዚህ ከዕቅዱ በተረፈ ጥግ የተወሸቁ ሳይሆኑ ራሳቸውን የቻሉ የዕቅዱ ክፍሎች ነበሩ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የሕንፃው ግዝፈት አይደለም። ቤቱ ሲጠብ የጋራው ስፍራ በዚያው ልክ መስፋትና መከበር እንዳለበት ነው።

ወደ አገር ውስጥ ስንመለስ፣ ልብስ የሚታጠብበትን ስፍራ በጥሞና መመልከት ምን ያህል ፍሬ እንደሚያፈራ የሚያስረዳ ታላቅ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሰዎች ልብሳቸውን በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን አስተዋሉ። ከዚያ ምልከታ በመነሣትም እንዶድ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። እንዶድን ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ አጣቢዎቹም በየቀኑ በዚያው ውሃ ዳር ነበሩ። አዲስ የሆነው የተማረ ሰው ቆም ብሎ እጣቢው ወዴት እንደሚወርድ መመልከቱ ነው። ከቤት ነዳፊ የሚጠበቀውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ቤት ትንሹም ቢሆን አንድ ካሬ ሜትር የምትሆን የእርጥብ ሥራ ስፍራ ይኑረው፤ በንድፉም ላይ በስሟ ትጻፍ። በእርስዋ ላይ ሳፋ የሚያስቀምጥ፣ ቆመው የሚሠሩበት ከፍታ ያለው ገንዳ፣ ቧንቧና የወለል ፍሳሽ መውረጃ ይሠሩ፤ ወለሉም ውሃ በማያሰርግ ልባስ ይሸፈን። ማሽን ለመግዛት ዐቅም ያገኘ ቤተሰብ ነገ ገንዳውን አንሥቶ ማሽኑን በዚያው ይተክላል፤ ያላገኘውም ወገቡን ሳያጐብጥ ያጥባል። ብዙ ቤተሰቦች የመጨረሻውን የማለቅለቂያ ውሃ ለመጸዳጃ ማጠቢያ በባልዲ ያስቀምጡታል። ይህን ብልሃት የሚያግዝ ትንሽ ማጠራቀሚያ ከገንዳው ሥር ቢታከል ዋጋው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ማስጫ እንደ መስኮት ሁሉ የቤቱ አካል ተደርጎ ይቆጠር። በረንዳው ከወደ ውስጥ ሆነው የሚሰጡበት፣ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ዝናብ የሚከለልበት፣ ነፋስ በሚያሳልፍ ጥልፍልፍ ግንብ ከውጪ እይታ የተጋረደ ቢሆን፣ የነዋሪውም ደኅንነት የሕንፃውም መልክ ይጠበቃል። ሦስተኛ፣ የጋራ መገልገያ ቤት በሚሠራበት ጊዜ ከነውሃ ማጠራቀሚያው፣ ከነማስጫውና ከነመተዳደሪያ ደንቡ ለማኅበሩ ይሰጥ፤ ከሕንፃዎቹ ያለው ርቀትም ሳፋ ተሸካሚ በምትችለው መጠን ይወሰን።

«አንዲት ካሬ ሜትር በሺህ ቤቶች ስትባዛ ስንት ናት?» ብሎ የሚጠይቅ የበጀት ኃላፊ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ያቺን ካሬ ሜትር ከንድፉ መሰረዝ ወጪውን አያስቀረውም የሚል ነው፤ ከፋዩን ብቻ ይለውጠዋል። ከግንባታው ሒሳብ የተቀነሰው ለፈሰሰ ጣሪያ እድሳት፣ ለሻገተ ግድግዳ ቀለም፣ ለታመመ ልጅ መድኃኒት ይወጣል። ከዚያም የቀረው ምንም ሒሳብ በማይመዘግበው በአጣቢዋ ወገብ ይከፈላል። ስለዚህ ማንኛውም የማኅበሩ አባል የመኖሪያ ቤት ንድፍ ፈርሞ ከማስረከቡ በፊት እርሳሱን አንሥቶ ሳፋው የሚቀመጥበትን፣ ውሃው የሚወርድበትንና ልብሱ የሚሰጣበትን ሦስት ነጥቦች በንድፉ ላይ ያመልክት። ሦስቱን ማመልከት ካልቻለ ንድፉ ገና አላለቀም።