የዓለም ታዛቢ ለጋይንት ምን ፈየደ?

(በአዲስ አበባ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተወላጆች በተሰባሰቡበት ጊዜ የቀረበ ንግግር)

እኔ የሕግ ሊቅ አይደለሁም፤ በየጋዜጣው የምጽፍ ነፃ ጋዜጠኛ ነኝ። የመጣሁትም የአገራችን ሰው ዘወትር የሚጠይቀኝን አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። «ይሄ የተባበሩት መንግሥታት፣ ይሄ የአፍሪካ ኅብረት የሚሉት የእኛን መከራ አያይም ወይ? ካየስ ምን ያደርጋል?»

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። እድር የገባ ሰው የእድሩን ደንብ ተቀብሎ ነው የሚገባው። ቀብር ቢቀር ይቀጣል፤ «እኔ ቅጣት አልወድም» ቢል ማንም አይሰማውም። የዓለም እድር ግን እንዲህ አይደለም። አባሉ የትኛው ዳኛ ፊት እንደሚቆም ራሱ መርጦ ይፈርማል!

አገራችን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በ1985 ዓ.ም. ተቀበለች። የፀረ ማሰቃየት ስምምነቱን በ1986፣ የአፍሪካን የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር በ1990 ዓ.ም. አጸደቀች። ወረቀቱ ሙሉ ነው። ነገር ግን አንድ ግለሰብ «መንግሥቴ በደለኝ» ብሎ ለተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እንዲከስ የሚፈቅደውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል አልተቀበለችም። የአፍሪካን የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ያቋቋመውን ፕሮቶኮልም ፈርማ አላጸደቀችም። እንግዲህ ከአርብ ገበያ ወይም ከወገዳ ተነሥቶ አሩሻ ድረስ ሄዶ ለመክሰስ የሚያስብ ሰው ቢኖር በሩ ዝግ ነው።

ክፍት የቀረው የባንጁሉ በር ነው፤ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን። እሱም ቢሆን «መጀመሪያ የአገርህን ፍርድ ቤት ጨርስ» ይላል። በ13 ዓመቷ ተጠልፋ የተደፈረች የአገራችን ልጅ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2007 ለኮሚሽኑ ቀርቦ ውሳኔ ያገኘው በ2015 ነው። ስምንት ዓመት! ያም ሆኖ ኮሚሽኑ መንግሥት ጥፋተኛ ነው ብሎ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ካሳ ይከፈላት አለ። ይዘገያል እንጂ የሞተ በር አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን መንደር እንምጣ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ያዙ። በእነዚያ ቀናት እዚያች ከተማ የሆነውን እዚህ ያላችሁት ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 ሴቶችን በርቀት በቪዲዮ አነጋግሮ በታጣቂዎቹ እንደተደፈሩ ይፋ ያደረገው ኅዳር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። ከ16ቱ 14ቱ የተደፈሩት በቡድን ነው። የክልሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በበኩሉ ከ70 በላይ ሴቶች አቤት ማለታቸውን ለድርጅቱ ተናግሯል። ሆስፒታሉም ስለተዘረፈ የተጎዱት የሚታከሙበት አጥተው ነበር።

ከዚህ ሪፖርት ልክ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 24 ቀን፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የጋራ ምርመራቸውን አውጥተው ነበር። ዓለም ሁሉ ያንን ሰነድ አነበበ። ጋይንት ግን አልነበረችበትም። ለምን? ምርመራው የሚሸፍነው ከጥቅምት 24 እስከ ሰኔ 21 ቀን 2013 ያለውን ብቻ ስለሆነ ነው። የነፋስ መውጫ ሴቶች የተደፈሩት በነሐሴ ነው። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ስለተበደሉ ተዘለሉ!

ቀጥሎ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የባለሙያዎች ኮሚሽን አቋቋመ። ድምፁ 21 ድጋፍ፣ 15 ተቃውሞ፣ 11 ድምፀ ተአቅቦ ነበር። ጄኔቫ ላይ እውነትም በድምፅ ብልጫ ነው የምትመረመረው! መንግሥታችን ከመጀመሪያው ተቃወመ፤ ባለሙያዎቹም ከአዲስ አበባ አልፈው ግፍ የተፈጸመበትን መሬት እንዳይረግጡ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የማራዘሚያ ሐሳብ ሳያቀርብ ቀረና የኮሚሽኑ ዕድሜ አበቃ። የአፍሪካ ኮሚሽን የራሱን የትግራይ አጣሪ ቡድን የበተነውም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው።

ልብ በሉ! መርማሪው የተሸኘው መቼ ነው? በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ፣ በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ያለው ውጊያ በተፋፋመ በሁለተኛው ወር ገደማ! አዋጁ የወጣው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ነው። ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በጥር 2016 በመራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሲገልጽ፣ የጄኔቫው መርማሪ ቢሮውን ዘግቶ ሄዶ ነበር። የቀረን ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ውሻ እንኳን አልነበረም።

ታዲያ ተስፋ ቆርጠን እንቀመጥ? እኔ አይደለም እላለሁ።

አንደኛ፣ ወረቀት አይሞትም። የደርግ ባለሥልጣናት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት በምስክር ቃል ብቻ አልነበረም። በገዛ እጃቸው በፈረሙት የግድያ ትእዛዝ ጭምር ነው። ከምርጫ 97 በኋላ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን የመዘገበው አጣሪ ኮሚሽን በመንግሥቱ ፓርላማ የተቋቋመ ነበር። ቁጥሩ መንግሥትን አላስደሰተም፤ ምክትል ሰብሳቢውም ተሰደዱ። ቁጥሩን ግን ዛሬም ማንም ሊፍቀው አልቻለም።

ሁለተኛ፣ ፊርማ የማይጠይቁ በሮች አሉ። ለተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተሮች ማንኛውም ሰው መጻፍ ይችላል፤ አገሩ ምን ፈረመ ምን አልፈረመ አይባልም። በየአራት ዓመት ተኩል ገደማ የሚመጣው ሁለንተናዊ ግምገማም አለ። ኢትዮጵያ መጨረሻ የቀረበችበት ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ ግምገማ የአገር ውስጥ ማኅበራትም መረጃ ያስገባሉ። ለመሆኑ ከእስቴ፣ ከስማዳ የሄደ አንድ ገጽ ነበር? እናንተ መልሱ።

ሦስተኛ፣ መመዝገቡ የእኛ ሥራ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ቀኑ፣ ቦታው፣ ያየው ሰው፣ የሐኪም ማስረጃው ይጻፍ። ገዳዩ ማንም ይሁን ማን፣ የሕወሓት ታጣቂም ይሁን የመንግሥት ወታደር ወይም ፋኖ፣ እኩል ይጻፍ። የጠላታችንን ግፍ እየመዘገብን የወዳጃችንን የምንሸሽግ ከሆነ ሰነዳችንን ማንም አያምነውም።

አንድ ነገር አደራ! የተበደሉትን ሴቶች ስም ያለ ፈቃዳቸው እንዳታወጡ። ወሬ ፍለጋ በራቸውን የሚያንኳኳ ጋዜጠኛ ቢመጣም፣ እንደ እኔ ያለውም ቢሆን፣ መጀመሪያ ሕክምናቸውንና ደኅንነታቸውን ጠይቁ። ስማቸው የእነሱ ነው። እነሱ ሲፈቅዱ ብቻ፣ ለታመነ ሰው ብቻ ይሰጥ። ቅጂውም በአንድ ቤት አይቀመጥ።

መንግሥት በሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። አንድ ቀን እውነተኛ ችሎት ከተቀመጠ ዳኛው የሚጠይቀው «ማስረጃህ የታል?» ብሎ ነው። ያን ቀን የጄኔቫን ቢሮ ብንጠብቅ የነሐሴውን መዝገብ አናገኝበትም። መዝገቡ ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ነው መምጣት ያለበት። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ደብተር ገዝታችሁ ግቡ።